ከመጋዘኑ ሲጠሩሽ አቤት አትበይ

ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ በተቀጠርኩበት የመጀመሪያ ቀን መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ያሳየኝ ሰው አልነበረም። ስለ መጋዘኑ ግን ያልነገረኝ የለም። ከቀኜ የተቀመጠችው ነገረችኝ፣ ከግራዬ የተቀመጠችው ነገረችኝ፣ ልብስ የምትተኩሰውና ሁሉም «ተኳሿ» የሚላት ትልቅ ሴትዮም ከነእንፋሎቷ መጥታ ጆሮዬ ስር ነገረችኝ። ነገሩ አጭር ነው፤ ከመጋዘኑ ስም ሲጠራ ከሰማሽ አቤት እንዳትይ። ውስጥም ሁኚ ውጪ፣ ማንም ይጥራሽ ማን፣ አቤት አይባልም።

ማነው የሚጠራኝ ብዬ ብጠይቅ «የውስጡ» አሉኝ። ሌላ ስም የለውም። እኔ መቼም ሳቅ ይቀናኛል፤ ሳቅሁ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። አክስቴ የማትስቅበት ነገር ደግሞ በዚህ ምድር ላይ ጥቂት ነው።

ስለ እሷ ላውራችሁ፤ የተነሳሁትም ለዚሁ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም፤ እቤት ውስጥ ስታወራ ሬዲዮ መክፈት ትርፉ ባትሪ መጨረስ ነው። እናቴ ከታመመች ወዲህ እናቴንም እኔንም ደርባ የያዘችው እሷ ናት፤ ፋብሪካውም ያስገባችኝ እሷ። ሥራዋ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ መትከል ነው። የግራ እጇን አመልካች ጣት መርፌ ስለበሳው ጫፉ ላይ ስሜት የለውም፤ በዚያው ጣት ሻይ ነካ አድርጋ «በርዷል፣ ጠጡት» እያለች ስንት ጊዜ አቃጥላናለች። በሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ የአዳራሻችን ተወካይ ናት። እንዴት ተመረጥሽ ሲሏት «ሁሉም እጁን ኪሱ ሲከት የእኔ ቀሚስ ኪስ አልነበረውም» ትላለች።

ያቺ አክስቴ የፋብሪካውን በር ስታልፍ ሌላ ሰው ትሆናለች። ምላሷን አውልቃ ከልብሷ ጋር ቁም ሳጥኑ ውስጥ የቆለፈችበት ይመስል ጭጭ ትላለች። ማሽኗ ከአዳራሹ መጨረሻ፣ ከመጋዘኑ በር አጠገብ ነው። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ዞር ብላ አታይም።

መጋዘኑ መስኮት የለውም። ረጅም ስለሆነ በሩ ላይ ለቆመ ሰው መጨረሻው አይታየውም። የጨርቅ ጥቅሎች ላስቲክ ለብሰው በግራና በቀኝ ቆመዋል፤ ቁመታቸው የሰው ቁመት ነው። ንፋስ ሲገባ ላስቲኩ እብጥ ስልል ይላል፣ ልክ እንደሚተነፍስ። መብራቱ ሲጫኑት ይበራና ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይጠፋል፤ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ የገባ ነው። ማብሪያው ያለው በሩ ጋ ብቻ ስለሆነ ከኋለኛው መደርደሪያ ክር አንስቶ እስኪመለሱ አይጠብቅም። ያኔ የሚሆነውን እያንዳንዷ በየራሷ ታወራለች። ከጥቅሎቹ መካከል ስለወጣ እጅ፣ አንገት ላይ ስላረፈ ትንፋሽ፣ ከሁሉም በላይ ስለተጠራ ስም። ፊት ያየች የለችም። የእግር ኮቴ የሰማችም የለችም። አንዷ ክር ልታመጣ ገብታ ከወጣች በኋላ ቦርሳዋን እንኳ ሳትይዝ በዚያው ወጥታ ሄደች። የማሽኗ መብራት እስከ ማታ በርቶ ዋለ፤ እሷ ግን ተመልሳ አልመጣችም።

ወንዶቹ በዚህ ሁሉ ይስቃሉ። የማኅበሩ ሊቀመንበር «ጥሩንባ» ነው የሚባለው፤ ድምፁ ማጉያ አያስፈልገውም። ክፉ ሰው አይደለም። ስለ ትርፍ ሰዓት ከአሠሪው ጋር ሲሟገት ጉሮሮው እስኪዘጋ ድረስ ነው። የመጋዘኑ ነገር ሲነሳ ግን «ያ መንፈስ መዋጮ ይከፍላል? ካልከፈለ አባል አይደለም፣ አባል ካልሆነ አያገባኝም» ይላል፤ ሰውም በሳቅ ይፈርሳል። አሠሪው በበኩሉ ሴቶቹ ሲያመለክቱ አንድ አምፖል ጨምሮ ነገሩን አጉል እምነት ብሎ ዘጋው። አዲሱ አምፖልም እንደ አሮጌው ትንሽ በርቶ ይጠፋል።

የመጋዘኑ ኃላፊ የተከበሩ ሰው ነበሩ። ሁሉም «ጋሼ» ይላቸዋል። ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ ስለሆኑ ፎቶግራፋቸው ማኅበሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጫማቸው ከሥሩ ጎማ ነው፣ ሲራመዱ አይሰሙም። ሲያወሩም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚንት ከረሜላቸውን ከጉንጭ ጉንጭ እያዛወሩ ነው። አመልካች ጣታቸው ላይ የልብስ መለያ ወረቀት ሲቆጥሩ የሚያጠልቁት የጎማ ቆብ አለ። የጊዜያዊ ሠራተኛ ውል እንዲታደስ እሳቸው አንድ ቃል ጣል ካደረጉ ይበቃል ይባላል። እኔ ደግሞ ጊዜያዊ ነበርኩ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቁር ክር አለቀና ላኩኝ። መጨረሻው መደርደሪያ ጋ ደርሼ ክሩን እንዳነሳሁ መብራቱ ጠፋ። ወዲያው የሻይ እረፍት ደወል ተደወለና አዳራሹ ውስጥ ያሉት ማሽኖች ሁሉ ቀጥ አሉ። ያን ያህል ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። ላስቲኩ ብቻ ይተነፍሳል።

ከዚያ ስሜ ተጠራ።

ፋብሪካው ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም፤ ከመጣሁበት ቀን ጀምሮ ሁሉም «ትንሿ» ነው የሚለኝ። የተጠራሁት ግን መታወቂያዬ ላይ ባለው ስም፣ ከነአባቴ ስም ነው፤ በዝግታ፣ እዚያው አጠገቤ። አቤት አላልኩም። እንደተነገረኝ ድርቅ ብዬ ቆምኩ። ዝም ካልኩ የማያገኘኝ መስሎኝ ነበር። እጁ መጀመሪያ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ቀጥሎ ወደ ደረቴ ወረደ። ወደ ኋላ ብል ጥቅሎቹ ጀርባዬን ያዙኝ። ያኔ ዝም ማለቴ እንደማያድነኝ ገባኝና ጮህኩ። «አክስቴ!» አልኩ። ደግሜ «አክስቴ!» አልኩ።

ማሽኖቹ ቆመዋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶኛል። አቤት ያለኝ ግን የለም።

እንዴት እንደወጣሁ በውል አላውቅም፤ በያዝኩት የክር ማጠንጠኛ የመታሁት መሰለኝ። በሩን አልፌ ስወጣ ያየሁትን ግን አልረሳውም። ሻይ ልትጠጣ የተነሳች አንዲት ሴት አልነበረችም። ሁሉም ማሽናቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ናቸው፣ እጃቸው ጨርቁ ላይ፣ ዓይናቸው መርፌው ላይ፤ ማሽኖቹ ግን አይሠሩም። የአክስቴን ጀርባ አየሁት። እጄን ብዘረጋ የምደርስባት ያህል ቅርብ ነበረች፣ አልዞረችም። ተኳሿ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝና ጉንፋን ያዘሽ እንደሚባለው «አገኘሽ አይደል?» አለችኝ።

እራት ላይ ሬዲዮው ብቻውን አወራ። እናቴ ዛሬ ምን ሆናችኋል ብላ ስትጠይቅ አክስቴ ወጥ ጨመረችላት። እሷ ከተኛች በኋላ አክስቴን ትክ ብዬ አየኋትና ጠየቅኋት።

«መንፈስ ጣቱ ላይ የጎማ ቆብ ያደርጋል?»

ዳቦውን አስቀመጠች።

«ሰማሁሽ» አለች። «ሁለቴም ሰማሁሽ።»

ሳልደብቅ ልናገር፤ ከእጁ ይልቅ ይህ ቃል አመመኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጋሼ የነበረኝን አንቱታ አነሳሁ፤ «አክስቴ» የሚለውን ቃልም ከአፌ አጠፋሁት። ላዋራት ስፈልግ ሳልጠራት እጀምራለሁ፣ ወይም አጠገቧ ሄጄ እቆማለሁ። እሷም ገብቷታል።

የነገሩን መነሻ የነገረችኝ በዚያው ምሽት ነው። መጀመሪያ መንፈስ የሚባል አልነበረም። ሰውየው ጎልማሳ ሳለ ከመጋዘኑ በር ብቅ እያለ ሴቶቹን በየስማቸው ይጠራ ነበር፤ እስቲ ነይ፣ ክር ቁጠሪልኝ እያለ። ስሙን አንስቶ መክሰስ ከሥራ የሚያስወጣ ስለነበር የቀደሙት ሴቶች ለአዲስ ገቢዎች በዘዴ ይነግራሉ፤ ከመጋዘኑ ሲጠሩሽ አቤት አትበይ። የውስጡ ሲሉም እሱን ማለታቸው ነበር፣ ለሰሚው ግልጽ ነበር። ነገሩን የሚያውቁት አንድ በአንድ በጡረታ ሲወጡ ግን ለተከታዮቹ የቀረው ቃሉ ብቻ ሆነ። ሰውየው ከወሬው ወጣና በቦታው መንፈስ ገባበት። ለእሱም ተመቸው፤ መጣራቱን ከበሩ ወደ ጨለማው አዛወረ። ሴቶቹ ራሳቸውን ሊጠብቁበት ያወጡት ደንብ እሱን የሚጠብቅ ሆነ። አንዷ ስትጮህ ሌላዋ እንዳትሰማ ያደረግናት እኛው ነን አለች።

አንቺ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። ላለማወቅ የሚበቃኝን ያህል አውቅ ነበር አለችኝና ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ የሰው ኃይል ቢሮ አስጠራኝ። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የመጋዘን ረዳት ሆነሻል፣ ጋሼ በስምሽ ጠይቀውሻል፣ ዕድለኛ ነሽ ተባልኩ። እምቢ ብልስ አልኩ። ውልሽ ሊያልቅ ነው አሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እናቴ መድኃኒት ላይ ናት። ወጥቼ በቀጥታ ወደ አክስቴ ማሽን ሄድኩና አጠገቧ ቆሜ ነገርኳት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ በቀጥታ ማኅበሩ ቢሮ ገባች፤ እኔም ተከትያት በሩ ላይ ቆምኩ። ሊቀመንበሩ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። አልሳቀም፣ ግን ራሱን አከከ። ሰውየው መሥራች ነው፣ ማኅበር ደግሞ አባሉን ነው የሚጠብቀው አለ። ልጅቷ በስሟ ታመልክት፣ ምስክርም ታቅርብ፣ ከዚያ እናያለን አለ። ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ሦስታችንንም ያየናል።

«እኛስ የማን አባል ነን?» አለችው አክስቴ። «መዋጮ የምንከፍለው እሱን ልናስጠብቅበት ነው?»

«እህቴ፣ እንደዚያ አላልኩም።»

«አንዷን ብቻዋን ካቆምካት ነገ የምትባረረው እሷ ናት። ስለ ደመወዝ ስትከራከር አንድ ሰው አስቀድመህ ትልካለህ? ጥያቄው የማኅበሩ ይሁን።»

ሊቀመንበሩ መስኮቱን አየ። አንዷ ብቻ አለመሆኗን አሳዪኝ፣ ጠቅላላ ጉባኤ እጠራለሁ አላት። ጥሩንባ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በሻይ እረፍት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። አክስቴ ማን ነካችሁ ብላ አልጠየቀችም። ብትጠይቅ ኖሮ ክፍሉ ወዲያው ባዶ ይሆን ነበር። የውስጡ ምን አደረጋችሁ ነው ያለችው። ስለ መንፈስ ማውራት ማን ይፈራል? አንዷ ከሌላዋ አፍ እየነጠቀች ማውራት ጀመረች፤ መሳቅም ነበረበት። ሁሉንም አስወርታ ስትጨርስ፣ ቆይ፣ ምን ምን ይሸታል አለች።

ሳቁ ቆመ። ከቁም ሳጥኖቹ በስተጀርባ አንዷ «ሚንት» አለች።

«ጣቱስ?»

ተኳሿ የራሷን አመልካች ጣት በሌላው እጇ ጨብጣ ያዘች። አጠገቧ ያለችውም እንዲሁ አደረገች፤ ከዚያ ቀጣይዋ። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ የየራሳችንን ጣት ጨብጠን ቆመን ነበር። የእረፍቱ ማብቂያ ደወል ሲደወል እንኳ ቶሎ የለቀቀች አልነበረችም።

ጠቅላላ ጉባኤው የተጠራው በሠራተኞች መመገቢያ አዳራሽ፣ እኔ መጋዘን ልገባ በተባልኩበት ሳምንት ዋዜማ ነው። የመጋዘኑ ኃላፊ ከመሥራቾቹ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ከረሜላው ጥርሱ ላይ ሲጋጭ እኔ ያለሁበት ድረስ ይሰማኛል። ሊቀመንበሩ አቤቱታ መቅረቡን ተናገረና በመጋዘኑ ውስጥ በደል የደረሰባት እጇን ታውጣ አለ። የወጣ እጅ የለም። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የነበሩት ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። ሊቀመንበሩ አክስቴን አያት፤ ግንባሩ አልቦታል።

የመጋዘኑ ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሳ። «ልጆቼ ፈርተዋል» አለ፣ እንደ አባት። «ጨለማ ያስፈራል። መብራቱ ይስተካከልላቸው፣ እኔም እደግፋለሁ።» ከንፈር የመጠጡለትም ነበሩ።

ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አክስቴ ወደ ፊት ስትሄድ አየኋት። አጭር ስለሆነች ከጭንቅላት በላይ አትታይም፤ ድምፅዋ ብቻ ነው የደረሰኝ። ያ የእቤት ድምፅዋ ነበር፣ ፋብሪካ ውስጥ ተሰምቶ የማያውቀው።

«እጅ አታውጡ» አለች። «እዚያ ውስጥ ሆናችሁ ስትጣሩ ሰምተን ዝም ብለናችኋል። እኔ የእህቴን ልጅ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ዛሬ ጥሩን። አቤት እንላለን።»

የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከኋላ፣ ድምፅዋን እንኳ ከፍ ሳታደርግ፣ ተኳሿ «እህቴ» አለች።

«አቤት» አለች አክስቴ።

አንዲት ወጣት «እማዬ» ብላ ተጣራች። እናቷ በሕይወት የለችም። «አቤት» ያለቻት ተኳሿ ናት። ከግድግዳው ጥግ ሌላ ጥሪ መጣ፣ ከበሩ ሌላ፤ አንዷ የጎረቤቷን ስም፣ አንዷ የእህቷን፣ አንዷ «ሰዎች» ብቻ አለች። መልሱ መጀመሪያ ከሴቶቹ ነበር፣ በኋላ ከሁሉም ሆነ። አንዳንዱ ጥሪ ከማን አፍ እንደወጣ አልታወቀም። ማንም ካልተቀመጠበት ከሻይ ማፍያው ጥግ የመጣውንም ሰምቻለሁ፤ ያችን ቦርሳዋን ጥላ የሄደችውን ሴት ድምፅ ይመስል ነበር። ለእሱም አቤት ተባለ። መጨረሻ ላይ የሊቀመንበሩ ጥሩንባ ድምፅ «አቤት» ሲል ተሰነጠቀ። የከረሜላው ድምፅ አይሰማም ነበር።

እኔ አልተጣራሁም። ንዴቴ አልበረደም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው የማኅበር ሥራ ነው፣ ጊዜ ወሰደ። ሴቶቹ አብዛኞቹ አባላቱ ሴቶች በሆኑበት ኮሚቴ ፊት በየተራ ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ። ክሱ በማኅበሩ ስም ሆነ። ሰውየው ታገደ፣ ጉዳዩ ተመረመረ፣ ተባረረ። አሠሪው ለአንቺው ደህንነት ብሎ እኔን ወደ ሌላ ሕንፃ ሊያዛውረኝ ሲል ጥሩንባ በሙሉ ድምፁ፣ አጥፊው ነው የሚነሳው እንጂ የተበደለች ከቦታዋ አትነቀነቅም አለ። ይህም በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ ገባ። የውል እድሳት ከአንድ ሰው አፍ ወጣ፤ የእኔም ታደሰ። የመጋዘኑ መብራት ሁልጊዜ የሚበራ ሆነ፣ ወደዚያ ለብቻ መላክም ቀረ። ፎቶግራፉ ከቢሮው ወርዷል። የተሰቀለበት ቦታ ግን ነጥቶ ይታያል፤ ቀለም ቢቀባም ተመልሶ ብቅ ይላል። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም።

አክስቴም ማሽኗን አዙራ ፊቷን ለመጋዘኑ በር ሰጠች።

በቅርቡ ከተኳሿ ጋር ጨርቅ ልናወጣ ገባን። እሷ የመጀመሪያውን ጥቅል ይዛ ወጣች፣ እኔ ሁለተኛውን ከላስቲኩ እያላቀቅኩ ነበር። መብራቱ ወለል ብሎ በርቷል። አፌን አልከፈትኩም፣ አላሳለኝም እንኳ። በድንገት የሩጫ ድምፅ ሰማሁና ዞር ስል አክስቴ ናት፣ መነጽሯ ተንሸራቶ፣ አንድ ቁልፍ በእጇ እንደያዘች።

«አቤት፣ አቤት፣ መጣሁ» አለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። «ጠራሽኝ አይደል? ሁለቴ ጠራሽኝ።»

በሩ ላይ የቆመችው ተኳሿ ከጀርባዋ ሆና ራሷን ነቀነቀችልኝ። በኋላ እንደነገረችኝ የመጀመሪያዋ አይደለም፤ አክስቴ ሥራ አቋርጣ እየተነሳች እስከ በሩ መጥታ፣ ማንም እንደሌለ አይታ ትመለሳለች። እቤትም ውሃ እየቀዳች ድንገት ቀጥ ብላ ስታዳምጥ አይቻታለሁ፤ ምን እንደምትሰማ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ያን ቀን የጮህኩት ድምፅ ከዚያ ክፍል አልወጣም ማለት ነው። እየጠራት የኖረው ያ ድምፅ ነው።

ላስቲኩ እብጥ ስልል ይላል። ቁልፉን በማይሰማው ጣቷ እያሻሸች መልሴን ትጠብቃለች። አልጠራሁሽም ልላት አፌን ከፈትኩ።

«አዎ» አልኳት። «ጠርቼሽ ነበር፣ አክስቴ።»

«አቤት» አለች።